ጉልቻው ይቀየር፣ ግድግዳውም ይቀባ

የጾም በያይነቱ የቀረበበትን ትሪ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሠዓሊ ተጠርቶ ያሰናዳው ሊመስለው ይችላል። ምስሩ ቀይ፣ ክኩ በእርድ የደመቀ ቢጫ፣ ጎመኑ አረንጓዴ፣ ቀይ ሥሩ ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ሽሮው መካከል ላይ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ የተቀመጠ። ይህ ሁሉ ቀለም የወጣበትን ክፍል ለማየት ወደ አንድ የቆየ የገጠር ቤት ጓሮ ዞር ያለ እንግዳ ግን የሚያገኘው ሌላ ነው። ግድግዳው ጥቁር፣ ማገሩ ጥቁር፣ ቆርቆሮው ጥቁር፣ ሸረሪቷ እንኳ ድሯን በጥቁር ክር ያደራች። ስሙን ማዕድ ቤት ብለነዋል፤ ማዕድ ግን አይቀርብበትም፤ የሚቀርበው ሌላ ቤት ነው። በየግድግዳው የተሰቀለው ስፌት፣ ባለ አበባው ትሪ፣ ባለ ቀለሙ መሶብ ሁሉ የሚኖረው ሰው ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ በሚነሣበት ሳሎን ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት ክፍል የደረሰው ጥላሸት ብቻ ነው። ቀለም እንበላለን እንጂ አንኖርበትም ማለት ነው።

በዚህ ዘመን ደስ የሚል ልማድ መጥቷል። አዲስ አበባ ያሉትም፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉትም ልጆች ገንዘብ እያዋጡ የአባት የእናታቸውን የገጠር ቤት ያሳድሳሉ። ሥራው ግን ሁልጊዜ ከሳሎን ይጀምራል። ኮርኒስ ይመታል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ ሶፋ በጭነት መኪና ይመጣል፣ በሶፋው ላይ ዳንቴል ይዘረጋል፤ ከዚያ ገንዘቡ ያልቃል። ማድ ቤቱ ለከርሞ ይባላል። ከርሞ ሲደርስ ደግሞ አሳቡ ከሞባይል ስልክ ውስጥ ይወጣል፤ ነጭ ካቢኔት፣ የሚያብረቀርቅ እብነ በረድ፣ መካከል ላይ ደሴት የሚሉት ገበታ። ጣና ላይ ብቻ 37 ደሴት ላለው አገር አንድ ደሴት ቢጨመር ባልከፋ፤ ችግሩ ምስሉ ውስጥ ምጣድ የለም። የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው። የቆየ የገጠር ቤት ማድ ቤት ሲታደስ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ቀለም ነው። ቀለም ስል ጌጥ ማለቴ አይደለም። ማድ ቤት ጭሱ፣ ብርሃኑና የዕቃው ቦታ ካልተስተካከለለት የተቀባውን ቀለም ይዞ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ቀለሙን ያስቀደመ ሰው ሌላውን ሥራ ሳይወድ በግድ ይሠራዋል፤ ካቢኔቱን ያስቀደመ ግን ጥላሸቱን በካቢኔት ይሸፍነዋል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሽማግሌዎች አፍ ነው የሚወጣው፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ተረቱ ሹም በሹም ሲተካ ወይም የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሲባረር እውነትነቱ አይካድም። ስለ እውነተኛው ጉልቻ ከሆነ ግን፣ ተረቱን የፈጠረው ሰው ወጡን ሳሎን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ እንደ ነበር እጠረጥራለሁ። ባለሙያ የተባለች ሴት የዶሮ ወጥ ቁሌት ስትሠራ የምትታገለው ከሽንኩርቱ ጋር አይደለም፤ ከእሳቱ ጋር ነው። ሽንኩርቱ በዝግታና በእኩል ሙቀት ለረጅም ሰዓት ካልተቁላላ ወጡ እንግዳ የማያታልል ወጥ ይሆናል። ሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ ድስት ደግሞ ነፋስ በመጣ ቁጥር እሳቱ ወደ ጎን ይሸሽበታል፣ ሙቀቱ በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይሄዳል፣ እንጨቱ ሲነድ ያቃጥለዋል፣ ሲጠፋ ያቀዘቅዘዋል። ሴትዮዋ አንድ እጇን ማማሰያው ላይ፣ አፏን እፍ ማለቱ ላይ፣ ዓይኗን እንባው ላይ አድርጋ ትሠራለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ወጡ መጣፈጡ የሴትዮዋ ባልትና ነው እንጂ የጉልቻው ውለታ አይደለም። ጉልቻው ሲቀየር ወጡም ይጣፍጣል፤ ተረቱም ይቅር ይባላል።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። የማድ ቤት የመጀመሪያው ቀለም ነጭ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ውበት አይደለም። አዲስ የተቀባ ኖራ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል፤ ጥላሸት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይውጠዋል። በአንዲት ጠባብ መስኮት የሚገባው የጧት ብርሃን በነጭ ግድግዳ ላይ ተንጸባርቆ ድስቱ ሥር ይደርሳል፤ በጥቁር ግድግዳ ላይ ግን መስኮቱ ሥር ወድቆ ይቀራል። ምስር ውስጥ ያለችው ጠጠር ጥርስ የምትሰብረው ብዙ ጊዜ በለቃሚዋ ስንፍና አይደለም፤ በጨለማው ነው። ከዚህም በላይ ነጭ ግድግዳ ሐቀኛ ምስክር ነው። ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ግድግዳ በኖራ ብትቀቡ ወር ሳይሞላው ግራጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሰው በዚህ ይናደዳል፤ ቀለሙ ተበላሸ ይላል። ቀለሙ ግን አልተበላሸም፤ የነገራችሁ በዚያ ወር ውስጥ የእናታችሁ ሳንባ ምን እንደ ተቀባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ እንደ ሞተ ይገምታል። ስለዚህ ጥቁር ግድግዳ ቆሻሻን ይደብቃል የሚለው የሁለተኛው ተቃዋሚ አስተያየት ትክክል ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ከሁሉም ብልህ ነው፤ ጭሱ ቤቱን ይጠብቃል ይላል። እውነት አለው። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ለዘመናት የጨሰው እሳት ሣሩንና ማገሩን ከነቀዝና ከምስጥ ሲጠብቅ ኖሯል። የጉራጌ ጎጆ ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣራው በጭስ ተወልውሎ እንደ ጥቁር ሐር ሲያበራ ያያል፤ ያ ውበትም ነው፣ ሥራም ነው። ነገር ግን ዛሬ ከሚታደሱት ቤቶች ብዙዎቹ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮን ነቀዝ አይበላውም፤ እንዲያውም ጭሱና እርጥበቱ ተባብረው ዝገቱን ያፋጥኑበታል። ሣሩ ጠፍቶ ጭሱ የቀረበት ማድ ቤት ጌታው ከሞተ በኋላም ደጃፍ ላይ እየቆመ የሚጮህ ዘበኛን ይመስላል። ክዳኑ አሁንም ሣር ለሆነ ቤት ግን ክርክሬን እተዋለሁ፤ እዚያ የቆርቆሮ ቧንቧ በሣሩ መካከል ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው፤ ማድ ቤቱን ለይቶ መሥራቱ ይሻላል። የአባቶቻችን ማድ ቤትን ከዋናው ቤት የመነጠል ልማድ ሞኝነት አልነበረም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ ምጣዱ ላይ። የአገራችን ማድ ቤት የሚለካው በምጣድ ነው፤ የሞባይሉ ምስል ግን ይህን አያውቅም። ተገዝቶ የሚመጣው ካቢኔት ከግድግዳው ወደ ፊት ያለው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ምጣዱ ብቻውን 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የምድጃው ዙሪያ ሲጨመርበት ከካቢኔቱ ተርፎ እንደ ጎረምሳ እግር ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። የካቢኔቱ ከፍታ ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሊጥ የምታዞር ሴት ክንዷን ትከሻዋ ድረስ አንሥታ መሥራት ሊኖርባት ነው። ሊጥ ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል ሲዞር ክንዱ ከምጣዱ በላይ ነፃ ሆኖ መዋኘት አለበት፤ ስለዚህ ምጣዱ ከወገብ ዝቅ ማለቱ ግድ ነው። ከዚያ አክንባሎው አለ። አክንባሎ ከምጣዱ ላይ ሲነሣ ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱም ይንጠባጠባል፤ የሚያርፍበት ቦታ ካልተበጀለት መሬት ላይ ያርፋል፣ ሴትዮዋም ለእያንዳንዱ እንጀራ ሁለቴ ትጎነበሳለች። ሠላሳ እንጀራ ለጋገረች ሴት ስልሳ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ይህን ያህል ስግደት ከሁዳዴ ውጭ አይጠየቅም። ስለዚህ ቡሃቃው በአንድ ወገን፣ ምጣዱ መካከል፣ የአክንባሎው ማረፊያ ከኋላ፣ እንጀራው የሚወጣበት ሰፌድና የሚበርድበት ጠረጴዛ በሌላው ወገን፣ ሁሉም በአንድ ክንድ ርቀት መደርደር አለባቸው። የቀረው ካቢኔት የፈለገው ቦታ ይሂድ።

እሳቱን በተመለከተ ምርጫው ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። "ምርጥ" በሚል ስም የሚታወቀው፣ ከሲሚንቶና ከፐሚስ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ከተስፋፋ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ስለሚይዘው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፣ የሚወጣውም ትኩስ አየር ከኋላው የተጣደ ድስት ያሞቃል። ጭስ መውጫ ቧንቧ ሲገጠምለት፣ ቧንቧውም ከጣራው ጫፍ በላይ ሲወጣ፣ ነጩ ግድግዳ ነጭ ሆኖ ይከርማል። ቧንቧው አጥሮ ከቀረ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይልከዋል፤ የተቆጠበችው አንድ ሜትር ቆርቆሮ የቀለሙን ዋጋ ትበላለች። መብራት ገብቷል ብሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገዛ ደግሞ ያስብበት። ይህ ዕቃ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ16 አምፔር ጀምሮ ማለት ነው። ለሁለት አምፑልና ለአንድ ራዲዮ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ቢሰካ፣ ከእንጀራው በፊት የሚበስለው ሽቦው ነው። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ወፍራም ገመድና የራሱ ማጥፊያ ካልተዘረጋለት ባይገዛ ይሻላል። መብራት በጠፋ ቀንም ሊጡ ኩፍ ማለቱን አያቆምምና፣ የእንጨቱን ምድጃ ያፈረሰ ሰው ወደ ጎረቤት መሄዱ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ልኬት የተጋነነ የሚመስለው ካለ የጀርመኗን ፍራንክፈርት ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የቪየና ተወላጅ አርክቴክት ለሠራተኛ ቤተሰቦች መኖሪያ የሚሆን ወጥ ቤት ነደፈች። የቤት እመቤት በሥራ ላይ የምትረግጠውን እርምጃ አስቆጠረች፣ ጊዜውን ለካች፣ ከባቡር ምግብ ማብሰያ ክፍልም ተማረች። የወጣው ክፍል 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር፤ 10,000 ያህልም ተሠራ። ለእኔ ክርክር የሚጠቅመው ግን ቀለሙ ነው። ካቢኔቶቹን ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ባደላ ሰማያዊ አስቀባቻቸው፤ ዝንብ ይህን ቀለም አትወድም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው። ዝንቧ በእውነት ትጥላው አትጥላው የዝንቧ ጉዳይ ነው፤ ቁም ነገሩ የዘመናዊ ወጥ ቤት እናት የተባለችው ሴት እንኳ ቀለምን የመረጠችው ለሥራ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ልኬቷን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አያዋጣም። የእሷ ወጥ ቤት ለአንዲት ሴት የተሰፋ ልብስ ነው። የእኛ ማድ ቤት በተራ ቀን አንድ ሰው፣ በድግስ ቀን አሥራ አምስት ሰው ያስተናግዳል፤ ሽንኩርት ከታፊዎቹ ብቻ 3.4 ሜትር ይሞላሉ። ሞባይሉ ላይ ያየነውን ደሴትም ለዚህ ስል እምረዋለሁ። ሰው ዙሪያውን ከብቦ የሚሠራበት ሰፊ ገበታ፣ በጎጆ መካከል ከምትነደው እሳት ዙሪያ ቤተሰብ ሲቀመጥ ከኖረበት ልማድ የራቀ አይደለም። ብቻ የሚነሣ ይሁን፤ ድግስ ሲመጣ ደሴቱ ወደ ግቢ ይወጣል።

ሌላው የቀለም ሥራ ምልክትነት ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ማድ ቤት ከፍራንክፈርቱ የበለጠ ቀለም ይፈልጋል። በኦርቶዶክስ ቤት ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማል፤ ካህናትና መነኮሳት ዘንድ ቁጥሩ ወደ 250 ይጠጋል። ይህ ማለት በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወጥ ቤት አለ ማለት ነው፤ የጾምና የፍስክ። ዛሬ ሁለቱን የሚለያቸው የእናትየው ትዝታ ብቻ ነው። እሷ ገበያ በሄደች ቀን አንዱ ልጅ ቅቤ የነካውን ማማሰያ ሽሮው ውስጥ ይነክርና የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱ ይቀየራል። የጾሙ መደርደሪያ አረንጓዴ፣ የፍስኩ ቀይ ቢቀባ፣ የማማሰያዎቹም እጀታ እንደዚያው ቢሆን፣ ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ አይሳሳትም። ላምባ የሚቀመጥበት ጀሪካን ቀለሙ ከውኃው ጀሪካን ቢለይ ደግሞ ጉዳዩ ከጾም አልፎ ከነፍስ ይገባል። ዶሮ 12 ብልት እንዳላት፣ እያንዳንዱም ስምና ቦታ እንዳለው በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ዶሮዋን ይህን ያህል በሥርዓት የከፋፈለ ሕዝብ ጭልፋውን በየቀኑ መፈለጉ ይገርመኛል።

ቀለም የሀብታም ቅንጦት ነው የሚለውም ተቃውሞ መልስ ይፈልጋል። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ከ1883 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1926 ድረስ (በአውሮፓውያኑ) ጂቨርኒ በምትባል የፈረንሳይ የገጠር መንደር ኖሯል። የቆየውን የገበሬ ቤት ሲያድስ የምግብ ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ፣ ቀጥሎ ያለውን ወጥ ቤት ደግሞ ሰማያዊና ነጭ አደረገው፤ ግድግዳውን ሸክላ አስለበጠው፣ የመዳብ ድስቶቹ እዚያው ተሰቀሉ። ሀብታም ነበር፣ ሽንኩርቱንም የሚከትፍለት ሰው ነበረው፤ እሱ ይቆጠርበት። የሚያስተምረን ግን የወጥ ቤቱ በር ሲከፈት ምን ይታያል ብሎ ማሰቡ ነው። ከዚህ የሚቀርበን ሐረር ነው። ነደባ የሚባሉት ደረጃ ደረጃ መቀመጫዎች በቀይ አፈር የተቀቡበት፣ ግድግዳው በስፌትና በሳሕን የተሸፈነ የሐረሪ ቤት ለዓይን የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ግድግዳ መደርደሪያም ነው። ዕቃው ተሰቅሎ መሬቱ ነፃ ይሆናል፣ የጎደለው ከሩቅ ይለያል። ይህ ብልሃት ከሳሎኑ ወደ ማድ ቤቱ ለመሻገር የሚጠይቀው ምስማር ብቻ ነው።

ዋጋውም ቢሆን አያስፈራም፤ እንዲያውም ውዱ ቀለም ለጭቃ ቤት ጠላቱ ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ ይተነፍሳልም። በዘይት ቀለም ከታፈነ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን እንደ ቂጣ ያነሣዋል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ግድግዳው የለምጽ በሽተኛ ይመስላል። ኖራ ግን ከጭቃው ጋር አብሮ ይተነፍሳል፣ ርካሽ ነው፣ ሻጋታም አይወደውም። ቀይና ቢጫ አፈር እየቀላቀሉ ግድግዳ ማስዋብ የገጠር ሴቶች ያለ መሐንዲስ ሲያደርጉት የኖሩት ሥራ ነው፤ የአፈር ቀለም ደግሞ ከኖራ ጋር ይስማማል፣ በፀሐይም አይለቅም። የዘይት ቀለሙ ለበሩ፣ ለመስኮቱና ለመደርደሪያው እንጨት ይበቃል፤ የገጠር በር ሰማያዊ ሲሆን እንዴት እንደሚያምር መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ምጣዱና የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ብቻ፣ ወጥ የሚረጭበት ቦታ ላይ፣ ከሳሎኑ የተረፈ ሴራሚክ ይለጠፍ። ከቆርቆሮው መካከል አንዱ ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ቢተካ ቀን ቀን አምፑል አያስፈልግም። ገንዘቡ ጭስ መውጫውና ምጣዱ ላይ ይዋል፤ እብነ በረዱ ለሐውልት ይቆይ።

የመጨረሻዋ ተቃዋሚ የቤቱ ባለቤት ናት፤ እሷም አትከራከርም። ማድ ቤትሽ እንዴት ይሠራ ተብላ ብትጠየቅ መልሷ የታወቀ ነው፤ "እኔ ምን እሆናለሁ ልጄ፣ ለእናንተ ደስ ያላችሁን አድርጉ"። ይህን ቃል እንደ ፈቃድ የወሰዱ ልጆች ካቢኔቱን ተክለው ይሄዳሉ፤ እሷም ካቢኔቱን አጥባ ትቆልፈውና ከጀርባው ባለች ዳስ ውስጥ ሦስት ድንጋይ ደርድራ ትጋግራለች። በየመንደሩ እንግዳ ብቻ የሚጎበኘው "ዘመናዊ ኪችን" እንዲህ የተወለደ ነው። ስለዚህ አትጠይቋት፤ አንድ ሙሉ የጋገራ ቀን ዝም ብላችሁ እያገዛችሁ እዩዋት። የት እንደምትጎነበስ፣ የቱን ዕቃ ለማምጣት ደጅ እንደምትወጣ፣ ዓይኗን የምትጠርገው መቼ እንደሆነ ቁጠሩ። ቀለሙን ግን እሷ ትምረጥ፤ ስለ ቀለም "ደስ ያላችሁን" ስትል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሜትሩን አውጡና መጀመሪያ ምጣዱን ለኩ፤ ከነአክንባሎው።